የሺቫ አበባና የእኛ አስተናግር

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው። ጠያቂዋ ህንድ፣ ሃይደራባድ ውስጥ የምትማር ኢትዮጵያዊት ናት። በማሃ ሺቫራትሪ በዓል ከክፍል ጓደኞቿ ጋር የሂንዱ አምላክ ወደሆነው ወደ ሺቫ ቤተ መቅደስ ሄዳ ሳለ፣ በሩ ላይ አበባ የሚሸጡ ሴቶች እሾኻም አረንጓዴ ፍሬና ጡሩንባ የመሰለ ነጭ አበባ በሳህን ደርድረው አየች። «ይሄማ የእኛ አስተናግር ነው» አለች በልቧ። ቤት ያከራዩዋት እናት ደግሞ አስም እንዳለባት ስለሚያውቁ የዚሁ ተክል ደረቅ ቅጠል በወረቀት ጠቅልለው «ሲያፍንሽ አጭሺው» ብለው ሰጥተዋታል። የምትጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ተክሉ አንድ ነው ወይ? አብሾ የሚባለው ከዚህ የሚሠራ ከሆነ እውነት ለትምህርት ይረዳል ወይ? ቅጠሉንስ ላጭሰው ወይ?

እህቴ፣ ቅጠሉ አሁን ጠረጴዛሽ ላይ ስለሆነ ከመጨረሻው ልጀምር። አታጭሺው። ሴትዮዋ ግን አልዋሹሽም። ቅጠሉ በእርግጥ ደረት ይከፍታል፤ ዘመናዊው ሕክምናም ይህን የተማረው ከእነሱው አገር ነው። ይህን እያወቅሁ ለምን እንደምከለክልሽ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ተክሎቹ የአጎት ልጆች ናቸው። የእኛው አስተናግር፣ ዕፀ ፋርስም የሚባለው፣ በሳይንስ ስሙ ዳቱራ ስትራሞኒየም ነው። በህንድ ቤተ መቅደስ በብዛት የሚቀርበው ደግሞ ዳቱራ ሜቴል ይባላል። ሁለቱንም በዚህ ስም የመዘገባቸው ስዊድናዊው የእጽዋት ሊቅ ሊኒየስ ነው፣ በ1753 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ለመለየት ፍሬውን እይ። የእኛው ፍሬ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እሾኹ ሹል ነው፤ ሲደርቅ ከአራት እኩል ይሰነጠቅና ጥቁር ዘር ይበትናል። የሜቴል ፍሬ አንገቱን ደፍቶ ይንጠለጠላል፤ እሾኹ ደነዝ፣ ኪንታሮት የመሰለ ነው፤ ሲፈነዳም እንደ ነገሩ ይፈራርሳል፤ ዘሩ ቡናማ ቢጫ ነው። አበባውም ይለያል፦ የእኛው ከ10 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ የእነሱ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይረዝማል፤ ሐምራዊውም ድርቡም አለ። ስትራሞኒየም ህንድም ውስጥ ስለሚበቅል አንዱ ሳህን ላይ ሁለቱም ቢገኙ አይግረምሽ። መርዛቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። ቤተሰባቸው የድንችና የበርበሬ ቤተሰብ ነው፤ ይህችን በርበሬ ያዢልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ስሙ ነው። ዳቱራ የሚለው የሳይንስ ስም ራሱ ከጥንታዊው የህንድ ቋንቋ፣ ከሳንስክሪቱ «ዳቱራ» የተወሰደ ነው። በሳንስክሪት ግን ሌሎች ስሞችም አሉት። አንዱ «ኡንማታ» ነው፣ እብድ ማለት። አንቺ ባለሽበት አገር በቴሉጉ «ኡመታ» ሲሉት የምትሰሚው ከዚህ የመጣ ነው። ሌላው ስሙ «ዱርታ» ነው፣ አታላይ ማለት። እኛ ደግሞ አስተናግር አልነው፤ የሚያናግር፣ ሰውን ያለ ልኩ የሚያስለፈልፍ። ሁለቱም ሕዝብ የአበባውን ውበት ትቶ፣ ተክሉ ምላስና አእምሮ ላይ የሚሠራውን አይቶ ነው የሰየመው። አበባው ማታ ሲከፈት እንዴት እንደሚያምር ላየ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ስም ቀርቶኛል፦ «ካናካ»፣ ወርቅ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሂንዲ ገጣሚ ቢሃሪ በዚህ ቃል የተጫወተባትን ሁለት መስመር የቅኔ ቤት ሰው ቢሰማት «ሰምና ወርቅ ናት» ብሎ ይነሳ ነበር። ሐሳቧ እንዲህ ነው፦ ካናክ ከካናክ መቶ እጥፍ ያሰክራል፤ ያኛውን የበላ ያብዳል፣ ይኸኛውን ግን ገና ሲያገኘው ያብዳል። አንደኛው ካናክ ወርቁ፣ ሁለተኛው ተክሉ ነው። ህብረ ቃሉ ራሱ ወርቅ መሆኑን ልብ በይ።

ሺቫ ዘንድ እንዴት ደረሰ ለሚለው፣ ቫማና ፑራና የሚባለው መጽሐፋቸው ተክሉ ከሺቫ ደረት በቀለ ይላል። ሕዝቡ የሚተርከው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። አማልክትና አጋንንት የሕይወትን ውሃ ለማግኘት ውቅያኖሱን እንደ ወተት ሲንጡ መጀመሪያ የወጣው ሃላሃላ የሚባል መርዝ ነበር። ዓለም እንዳይጠፋ ሺቫ ጠጣውና ጉሮሮው ላይ አስቀረው፤ አንገቱ ሰማያዊ የሆነው ለዚህ ነው ይላሉ። ስለዚህ መርዙን የቻለ አምላክ፣ ሌላው የማይነካው መርዛም ነገር ይቀርብለታል፦ የዳቱራ ፍሬና አበባ፣ ከቢልቫ ቅጠል ጋር። አክ የሚሉትን አበባም ሳህኑ ላይ ሳታዪው አልቀረሽም፤ እሱ ደግሞ በእኛ ቆላ ለሚበቅለው፣ ሲቆርጡት ነጭ ወተት ለሚያፈሰው ጦቢያ የቅርብ ዘመድ ነው። አማኙ ፍሬውን አይበላም፤ ሰጥቶ ይመለሳል። በሙያዬ ዓይን ሳየው ከዳቱራ ልማዶች ሁሉ ጉዳት የሌለው ይህ ነው።

(የተክሉ የትውልድ አገር ራሱ ያከራክራል። የእጽዋት ሊቃውንት የዳቱራ ዝርያዎች በሙሉ መነሻቸው አሜሪካ ነው ይላሉ። ከኮሎምበስ ብዙ ቀድመው የተጻፉ የሳንስክሪት ጽሑፎች ግን ተክሉን ያውቁታል። በ2007 የወጣ አንድ ጥናት እነዚህን ማስረጃዎች ሰብስቦ፣ ሜቴል ከኮሎምበስ በፊት ህንድ ደርሶ ነበር ሲል ተከራክሯል። የእኛው ስትራሞኒየም ግን አሜሪካዊ ለመሆኑ ብዙ ክርክር የለበትም። ዕፀ ፋርስ ብንለውም የፋርስ አይደለም።)

አሁን ወደ ጨለማው ጎኑ። የህንድ የፎረንሲክ ሐኪሞች ዳቱራን የሚጠሩበት ስም አላቸው፦ የመንገድ መርዝ። በ1563 ጎዋ ላይ መጽሐፉን ያሳተመው ፖርቱጋላዊው ሐኪም ጋርሲያ ደ ኦርታ ስለ አንዲት የቤት ሠራተኛ ይተርካል። ዳቱራውን ከእመቤቷ ምግብ ቀላቅላ ቁልፏን ወሰደች፣ ጌጧን ሰብስባ ሄደች። እመቤቲቱ ምን ሆነሽ ስትባል ትስቃለች፤ ሌላ መልስ የላትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ዳቱሪያ የሚባሉ ዘራፊዎች ነበሩ። መንገደኛ መስለው ከመንገደኛ ጋር ያድራሉ፣ አብረው ያበስላሉ፣ የተፈጨ ዘር ምግቡ ላይ ጣል ያደርጋሉ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ሲነቃ ገንዘቡ የለም፤ ማን እንደወሰደበትም አያስታውስም። መርማሪው የሚጠይቀው ምስክር ራሱ የሌባውን መልክ ረስቶታል! እስካሁንም ባቡር ውስጥ ከማያውቁት ሰው ብስኩት ወይም ሻይ አትቀበሉ የሚባለው ምክር ሥሩ ከዚህ ዓይነት ታሪክ ነው። ዛሬ በእርግጥ ሌቦቹ አብዛኛውን ጊዜ የእንቅልፍ ክኒን ነው የሚጠቀሙት።

በርበሬዋ የምትፈለገው እዚህ ላይ ነው። የዳቱራ ሜቴል ዘርና የቃሪያ ዘር ሲደርቁ ይመሳሰላሉ፤ ቅመም ውስጥ የተፈጨ እንደሆነማ ማን ይለየዋል። ስለዚህ የህንድ የሕግ ሕክምና መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሁለቱን ዘሮች ጎን ለጎን የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ አይጠፋም፤ ተማሪው ፈተና ላይ እንደሚጠየቀው ያውቃል። በማጉያ መነጽር ስታዪው የዳቱራው ዘር ተለቅ ያለ፣ ኩላሊት የመሰለ ነው፤ ጠርዙ ድርብ ነው። በምላጭ ለሁለት ስትሰነጥቂው ውስጡ ያለው ፅንስ ጫፉን ወደ ውጭ ያጥፋል። የበርበሬው ፅንስ ግን እንደ 6 ቁጥር ወደ ውስጥ ይጠመዘዛል። የሞት ምርመራ ላይ ከጨጓራ በተገኘ አንድ ዘር ብቻ ነገሩ የተለየባቸው አሉ።

ስለዚህ ፅንስ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር ጥርስ ሲያም የአስተናግር ዘር ፍም ላይ በትኖ ጭሱን በአፍ መሳብ የቆየ ልማድ ነው፤ «ትሉ ወጣ» ይባላል። አውሮፓም ውስጥ ሄንቤን በሚባል ዘመዱ እንዲሁ ይደረግ ነበር። እዚያ ትል የተባለው ምን እንደሆነ ሲመረመር፣ ዘሩ በእሳት ሲፈነዳ የወጣው ነጭ ጥምዝ ፅንስ ሆኖ ተገኘ። ጭሱ ሕመሙን ለጊዜው ሊያደነዝዝ ይችላል፤ ጥርሱ ግን መበስበሱን ይቀጥላል።

ወደ አብሾ እንምጣ፤ ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው። የአብነት ተማሪ ትምህርት እንዲገባው፣ የገባው እንዳይጠፋው ይጠጣዋል ይባላል፤ ውስጡ ከሚገቡት ዋናው ዕፀ ፋርስ ነው ይላሉ። የጠጣ ሰው ከዚያ በኋላ መጠጥ ከቀመሰ «አብሾው ይነሳበታል»። በዚህ ምክንያት ዛሬ አብሾ ምን እንደሆነ የማያውቅ የከተማ ልጅ እንኳ ሁለት ቢራ ጠጥቶ ወንበር የሚያነሳ ጓደኛውን «አብሾ አለበት» ይለዋል።

መድኃኒቱ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው። በዳቱራ ውስጥ ያሉት ዋና መርዞች ሃዮሳያሚን፣ አትሮፒንና ስኮፖላሚን ናቸው። ሦስቱም አሴቲልኮሊን የሚባለውን የነርቭ መልእክተኛ በሩ ላይ ቆመው ይከለክሉታል። አእምሯችን አዲስ ነገር የሚመዘግበው ደግሞ በዚሁ መልእክተኛ እገዛ ነው። ስኮፖላሚን ማስታወስን ስለሚያጠፋ፣ ተመራማሪዎች ለመርሳት በሽታ መድኃኒት ሲፈትሹ ጤነኛ ሰው ለጥቂት ሰዓት እንዲረሳ የሚያደርጉት በእሱ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን ፍራይቡርግ ለምጥ ከሞርፊን ጋር ይሰጥ ነበር። ሴቶቹ ይጮኹ ነበር፤ ሲነቁ ግን ምጡን አያስታውሱትም። ያው ዳቱሪያዎቹ የተጠቀሙበት ጠባይ ነው። መሪጌታው ደጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀጽል ያደረ ተማሪ ትምህርቱ ቢገባው ምስጋናው ለቅጸላው ነው፤ ለመጠጡ የሚሰጠው ሰው ተማሪውን በድሎታል። ከዓመታት በኋላ ጠላ ሲቀመስ የሚነሳው ጠብም በደም ውስጥ የተኛ አብሾ ሊሆን አይችልም፤ መርዙ በጥቂት ቀናት ከሰውነት ይወጣል። አልኮል ብቻውን ለጠብ ይበቃል።

አሁን ቅጠልሽ። በ1802 አካባቢ ጄኔራል ጄንት የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ለአስም ዳቱራ ማጨስን ከህንዷ ከተማ ከማድራስ ተምሮ ወደ ብሪታንያ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የአስም ሲጋራ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአየር ቧንቧን የሚያጠብበውን ጡንቻ የሚያዘው ያው አሴቲልኮሊን ስለሆነ፣ እሱ ሲከለከል ቧንቧው ይላላል። ዛሬ ሐኪም የሚያዝልሽ አይፕራትሮፒየም የሚባል ፓፍ የዚሁ ልጅ ነው፤ አትሮፒንን ኬሚስቶች ትንሽ ለውጠው፣ ወደ አንጎል በቀላሉ እንዳይገባ አድርገው የሠሩት። ጥቅሙን አስቀርተው እብደቱን ቆረጡት ማለት ነው። ለሆድ ቁርጠት የምንወስደው ቡስኮፓንም በዚሁ መንገድ ከስኮፖላሚን የመጣ ነው።

እንግዲህ የምከለክልሽ ለምንድነው? ቅጠሉ ልክ ስለሌለው። የመርዙ መጠን ከተክል ተክል፣ ከወጣት ቅጠል እስከ አሮጌ፣ ከአፈር አፈር በጣም ይለያያል። ባለፈው ወር ደረትሽን የከፈተው ጥቅል፣ በዚህ ወር ከሌላ ጥግ የተቀጠፈ ከሆነ ኮሪደር ላይ ከሌለ ሰው ጋር ሲያነጋግርሽ ሊያድር ይችላል። አስተናግር ያሉት አባቶቻችን ይህን ሳያዩ አልሰየሙትም። ደግሞም ጭስ ራሱ የተቆጣ ሳንባን ያባብሳል፤ ተክሉ አክታን አድርቆ ቧንቧ ውስጥ እንዲጣበቅ ያደርጋል።

የዘሩን ነገር በቁጥር ላሳይሽ። አንድ ፍሬ በመቶ የሚቆጠር ዘር ይይዛል። 100 የስትራሞኒየም ዘር እስከ 6 ሚሊግራም አትሮፒን ሊኖረው ይችላል፤ እኛ ሆስፒታል ውስጥ አንዴ የምንወጋው ግማሽ ወይም አንድ ሚሊግራም ነው። 10 ሚሊግራም አካባቢ ለአዋቂ ሊገድል ይችላል፤ ለሕፃን ከዚያ በጣም ያነሰ ይበቃል። መቀቀልም አያድንም፤ መርዙ ውሃው ውስጥ ይገባል እንጂ አይጠፋም።

የህንድ ባህላዊ ሐኪሞችም በጥሬው አይሰጡም፤ ይህን ለቤት እናትሽ ብትነግሪያቸው አይከፋቸውም። በአዩርቬዳ ዘሩ በጨርቅ ተቋጥሮ ድስት ውስጥ ይንጠለጠላል፣ በላም ወተት ለሰዓታት ይቀቀላል፣ ታጥቦ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ከሌላ ጋር የሚቀመመው። የአገሩ የመድኃኒት ደንብም፣ የ1945ቱ፣ የዳቱራን ዘር በሐኪም ክትትል ብቻ መወሰድ ካለባቸው መርዛማ ባህላዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ሰው ዳቱራ በልቶ ቢመጣ ምን ይመስላል? ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ አፉ ይደርቃል፤ ውሃ ቢሰጡት መዋጥ ያቅተዋል። ቆዳው ይቀላል፣ ይግላል፣ ግን አያልብም፤ ብብቱን ስትዳስሺው ደረቅ ነው። ልቡ ይሮጣል። የዓይኑ ብሌን ይሰፋና ብርሃን ያስጨንቀዋል፣ ቅርብ ያለ ጽሑፍ ይደበዝዝበታል። ሽንቱ ይዘጋል፤ የሚቅበጠበጠው ከፊኛው መወጠር እንደሆነ የማይታወቅበት ጊዜ አለ። ከዚያ ይቀባጥራል፣ ግማሽ ቃል እየዋጠ። ከሁሉ የማይረሳኝ እጁ ነው፦ ከጣቱ ጫፍ የሌለ ክር ይመዝዛል፤ እንደ ፈታይ በትዕግሥት ይስባል፣ ይጠቀልላል፣ እንደገና ይስባል። አንሶላውን ይለቅማል። ይህ አንድ ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ብሌኑ ግን እስከ ሳምንት ሰፍቶ ሊቆይ ይችላል።

ብሌኑን እኔም ቀምሼዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ለቤተ ሙከራ ፍሬ ስለቅም ውዬ፣ እጄን ሳልታጠብ አንድ ዓይኔን አሸሁ። ለሁለት ቀን አንዱ ብሌኔ እንደ ድመት በጨለማ፣ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ዞርኩ። እናቴ መስቀል ይዛ ጠበል ልትወስደኝ ተነስታ ነበር፤ ምክንያቱን ባስረዳትም ሙሉ በሙሉ አላመነችኝም።

አደጋው ደግሞ ሆን ብሎ ለሚበላ ብቻ አይደለም። ተክሉ በተቆፈረ መሬትና በእህል መካከል ስለሚበቅል ዘሩ ከአዝመራው ጋር ይታጨዳል። በ2019 በኡጋንዳ፣ ካራሞጃ አካባቢ፣ በእርዳታ የተከፋፈለ የተጠናከረ ዱቄት በዚህ ዓይነት መርዝ ተበክሎ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ታመሙ፤ 5 ሞቱ። እህል የምታበጥር ሴት ጥቁር ዘር ለቅማ ስትጥል ያየሻት እንደሆነ አትቸኩዪባት።

አንድ ሰው አጠገብሽ እንዲህ ከሆነ ለማስመለስ ብለሽ ጣት አታስገቢ፣ ወተትም ሎሚም እየሞከርሽ ጊዜ አታጥፊ። ሃይደራባድ ላይ 108 ደውዪ። እስኪመጡ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ይሁን፣ ካጋለው በእርጥብ ጨርቅ አብርጂው፤ አስራችሁ አትያዙት፣ ትግሉ ሙቀቱን ይጨምረዋል። የቀረውን ፍሬ ወይም ቅጠል በላስቲክ ይዘሽ ሂጂ። ሐኪም ቤት ሲደረስ «ዳቱራ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ተናገሪ፤ እብድ መስሎት ክሎርፕሮማዚን ከሚወጋው ያድነዋል፣ ያ መድኃኒት ራሱ በዚያው አቅጣጫ ስለሚገፋ። አንጀቱን መርዙ ስለሚያዘገየው የመድኃኒት ከሰል ዘግይቶም ሊጠቅም ይችላል። የሚያረጋጋ መርፌ ይሰጣል፣ ሽንቱ በቱቦ ይወጣል፤ ለከባዱ ፊዞስቲግሚን የሚባል ማርከሻ አለ። የሚገርምሽ፣ እሱም የተገኘው ከሌላ መርዛም ባቄላ ነው። በተቃራኒው ፀረ ተባይ የጠጣ ገበሬ ሲመጣ የምናድነው በዚሁ የዳቱራ አትሮፒን ነው።

አንቺ ግን ዛሬ ይህን አድርጊ። ጥቅሉን ሕፃናትና ከብት የማይደርሱበት ቦታ ጣዪው፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ እስክትታጠቢ ዓይንሽን አትንኪ። ፓፍሽ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ወይም ሌሊት እያፈነሽ የምትነሺ ከሆነ አስምሽ አልተያዘም ማለት ነው፤ የዩኒቨርሲቲያችሁ ክሊኒክ ሄደሽ ቧንቧን ከእብጠት የሚከላከለውን፣ በየቀኑ የሚሳበውን መድኃኒት ጠይቂ። ለቤት እናትሽም ቅጠሉን አልወሰድኩትም ከምትያቸው፣ «ሐኪሙ የዚሁ ልጅ የሆነውን ይሰጠኛል» በያቸው። ውሸት አይሆንብሽም።